ከጣውላው ወዲህና ወዲያ

እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ያለዚያ ወደ በኋላ ጣውላ ጭኖ የመጣውን ሾፌር ስሰድብ «ምን ነካት?» ትሉኛላችሁ። ምንም አልነካኝም። እንዲሁ ነው የተፈጠርኩት። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም፣ ተቆጣች» ትላለች።

አባቴና እኔ አናጢዎች ነን። ወርክሾፓችን ከቤታችን ጓሮ ነው፤ ከማድ ቤቱ የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው፤ በሩም ቢሆን ገርበብ እንዳለ ነው የሚውለው። አዲስ እንጨት ብዙም አንነካም። የኛ ሥራ ከፈረሰ ቤት የወጣ ወለል፣ ከተጣለ ጋሪ የተነቀለ ሳንቃ፣ ነቀዝ የቦረቦረው ወፍራም ጣውላ ነው። ሰው ለማገዶ እንኳ የሚጠየፈውን እኛ እንደ እንቁላል አቅፈን እናስገባለን። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ላይ አብደዋል ብለው ነበር። እንጨቱ ታጥቦ፣ ምስማሩ ተለቅሞ፣ መላጊያ ሲያልፍበትና ያ ቀይ ገላው ከነቀዳዳው ብቅ ሲል ሲያዩ ነው አፋቸውን የያዙት።

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ነቀዝ የበላው እንጨት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነቀዙ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ወጥቶ የሄደበት ነው፤ የቀረው ቀዳዳው ብቻ ስለሆነ ጌጥ ነው። ሌላው ነቀዙ ገና ውስጡ ተደላድሎ የሚበላበት ነው። ይሄኛው ቤት ከገባ ጉድ ይፈላል፤ ከጠረጴዛው ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑ ወደ በሩ መቃን ይዛመታል። ሲያዩአቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለዩት በድምፅ ነው። አባቴ ጣውላውን በጣቱ አንጓ ሦስቴ ያንኳኳል፤ ነቀዙ ደንግጦ ዝም ይላል። ከዚያ አባቴ ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ነቀዝ ሆዳም ነው፣ ብዙ አይታገሥም። ትንሽ ቆይቶ ቅርጥ፣ ቅርጥ ማድረግ ይጀምራል።

ከልጅነቴ ጀምሮ እሱ ከጣውላው ወዲያ፣ እኔ ከጣውላው ወዲህ ሆነን ነው የምናዳምጠው። ሁለታችንም ጉንጫችንን እንጨቱ ላይ አድርገን፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠን። ድሮ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዳምጠው። አሁን አሁን ግን ዐይኑን አፍጥጦ እኔን ማየት አምጥቷል።

«ምን ታፈጥብኛለህ አባዬ?»

«ዝም ብለሽ አዳምጪ!»

እንዳላንቀላፋ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ተውኩት። ፍርዱን የሚናገረው እንደሆነ ሁልጊዜ እሱ ነው። «ሞቷል» ካለ በጠመኔ ክብ ይሠራበታል፤ «አለ» ካለ ኤክስ ያደርግበታል። እኔ አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ መሐላ አለው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሰው እንዲሰማለት ጮክ ብሎ ይደግመዋል፦ «ሞቷል ያልኩት ነቀዝ አንድ ቀን ተነስቶ ከበላ፣ ያን ዕለት ሽርጤን ሰቅዬ ልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ!»

ልጁ ማለት ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ክፍል አዘጋጅቶ፣ አልጋ አንጥፎ፣ «አባዬ መጥቶ ይረፍ» እያለ ይደውላል። ለክፋት አይደለም፤ ወንድሜ ደግ ነው። ግን አባቴ አራተኛ ፎቅ ላይ! ምንጣፍ ላይ በካልሲ እየሄደ! ሰጋቱራ የማይሸትበት፣ መዶሻ የማይነሳበት ቤት ውስጥ ያ ሰው ምን ሊሆን ነው? እኔስ? ጠዋት የወርክሾፑን በር ስከፍት «አረፈድሽ!» የሚለኝ ሰው ከሌለ፣ ማን ላይ ልቆጣ ነው? እውነቱን ለመናገር ያ መሐላ በተነሳ ቁጥር ወሬ ለማስቀየር እሞክር ነበር።

ባለፈው ወር የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መጣች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ የማያልፍ ሴት ናት፤ ከመጻሕፍት ጋር ብዙ ከመኖሯ የተነሳ ገበያ መሃልም በሹክሹክታ ነው የምታወራው ይባላል። የድሮው ወፍጮ ቤት ሊፈርስ ነውና ወለሉን ጠይቃ አስፈቅዳለች። ከዚያ ወለል ለልጆች ማንበቢያ የሚሆን አራት ሜትር ጠረጴዛ እንድንሠራላት ፈለገች።

«ቀዳዳውን እንዳትደፍኑብኝ» አለች። «ልጆቹ ጣታቸውን እየሰደዱ ያንብቡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ሕይወት ያለው ነቀዝ እንዳይገባብኝ። መደርደሪያዎቼ ሁሉ እንጨት ናቸው፤ እነሱ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ወረቀት ነው። አለቀልኝ ማለት ነው። መቼ ይደርስልኛል አባቴ?»

«እሺ» አላት አባቴ።

«አይ፣ መቼ ይደርሳል ነው ያልኩት።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ።» ከዚያ መሐላውን ደገመላት። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። «ወር አይሞላም» አልኳት። አባቴ ሥራ በሐሳቡ ስለገባ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጣውላው በመጣ ዕለት ነው ያ ሾፌር ጉዱን ያሳየኝ። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ የግቢያችንን በር ምሰሶ ገጭቶ ጣለው። አዲስ ምሰሶ! በገዛ እጄ ያቆምኩት! ወርዶ «ምሰሶው ነው ጠባብ» አለኝ። ምሰሶ ደግሞ ጠባብ ይሆናል? ደሜ ፈላ። ያወረድኩበትን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ «ኧረ ልጄ፣ ለነገም አስቀሪ» እስክትል ድረስ ነው የተናገርኩት። ሰውዬው ጣውላውን አራግፎ፣ ከበሩ ማዶ ቆሞ ሲጋራውን እየለኮሰ ነበር አባቴ «ነይ እናዳምጥ» ያለኝ።

አሥራ ሁለት ጣውላ አዳመጥን። እኔ ጆሮዬ እንጨቱ ላይ፣ ዐይኔ ደግሞ በየመሃሉ በአባቴ ትከሻ ላይ አልፎ ሾፌሩ ላይ። ሰባቱ ኤክስ ሆኑ፣ አምስቱ ክብ። ለጠረጴዛው የሚያስፈልገን አምስት ነው። እሰይ! አባቴ እጁን አፋተገ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ደስታ ነበር። ዕድሜ ልክ የሰው እግርና የከረጢት መዓት ያሻሸው ወለል ነው፤ ከላዩ የጠቆረው ሲነሳ ከታች እንደ ማር ያለ እንጨት ወጣ። ምስማሩን በጉጠት እየነቀልኩ ቆርቆሮ ሙሉ ሰበሰብኩ። አባቴ በየቀዳዳው ውስጥ በጥርስ ብሩሽ እየገባ አሮጌውን ቆሻሻ አወጣ። «የማን ብሩሽ ነው?» ብትለው እናቴ «እሺ» አላት። አምስቱን ጎን ለጎን በኮላ አጣበቅን፣ ኮላው እስኪይዝ በሞርሳ አጥብቀን አሰርን፣ እግር ተከልንለት። ቫርኒሽ ብቻ ቀረው።

ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑን ስከፍት ከጠረጴዛው ሥር፣ ልክ ከሦስተኛው ጣውላ ግርጌ፣ አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ክምር አየሁ። ነጣ ያለች፣ የላመች ዱቄት። ክው አልኩ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ያቺን ክምር አይስታትም። ነቀዝ እየበላ ከኋላው የሚጥላት ናት፤ ትኩስ ናት። ሦስተኛው ጣውላ ላይ ደግሞ አባቴ በጠመኔ ክብ ሠርቶበት ነበር።

አባቴ ተሳስቷል!

ምን አደረግኩ? የመጀመሪያው ነገር መጥረጊያ አነሳሁ። ጥርግ አድርጌ ሰጋቱራ ውስጥ ጣልኩትና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መላጊያ መሳል ጀመርኩ። አባቴ ገብቶ «ዛሬስ ማልደሻል!» አለኝ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አልኩት። ማታውኑ ከመድኃኒት መሸጫ መርፌ ገዛሁ፣ የነቀዝ መድኃኒት ሞላሁበትና እሱ ሲታጠብ ጠብቄ የሦስተኛውን ጣውላ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ወጋኋቸው። ማክሰኞ ጠዋት ዱቄት አለ። ጠረግኩ። ረቡዕም አለ። ጠረግኩ። እኔ፣ በሕይወቴ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ የማላውቅ ሴት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ ዋልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳብሳ «አሞሻል?» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ዱቄት የለም። አርብም የለም። ልቤ ቅቤ ጠጣ! «ሞተልኝ ይሄ የተረገመ!» ብዬ ብቻዬን ጨፈርኩ። ቢሆንም ሰው ነኝና ቅዳሜ አላስቻለኝም። ላረጋግጥ ብዬ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ተነስቼ፣ በባዶ እግሬ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ።

የወርክሾፑ በር ክፍት ነው። አባቴ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ የቀለም ብሩሽ፣ በሌላው የቆሻሻ ማፈሻ ይዞ፣ እየጠረገ ነው። አጠገቡ መሬት ላይ መርፌ ተቀምጧል። ከኔ መርፌ ጋር አንድ ዓይነት። ያ ምስኪን ነቀዝ በአባትና በልጅ ተራ በተራ ሲወጋ ከርሞ እንኳ መብላቱን አልተወም።

«አባዬ» አልኩት።

አልዞረም።

«አባዬ!»

ጠረጋውን ቀጠለ። ለሦስተኛ ጊዜ የጠራሁት በሙሉ ድምፄ ነው፤ የኔን ሙሉ ድምፅ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አባቴ ግን ብሩሹን አራግፎ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሄጄ ትከሻውን ስነካው ዘሎ ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ።

«ምን... ምን ታደርጊያለሽ በዚህ ሰዓት?» አለኝ አናቱን እያሻሸ።

«አንተስ?»

ማፈሻውን አየ። እኔን አየ። «ይሄ? ይሄማ የወፍጮው ዱቄት ነው! የስንት ዘመን ዱቄት ስንጥቁ ውስጥ ተጠቅጥቆ ኖሮ አሁን ሲደርቅ ይራገፋል።»

«የምን ዱቄት ነው እሱ?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እናቴ ናት። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ የውኃ ኩባያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አባትና ልጅ ከሐሙስ ጀምሮ ሲነጋጋ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ እሰማለሁ። ወይ ተጣልታችኋል፣ ወይ ሀብት ቀብራችኋል።» መጥታ ከማፈሻው ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አኖረች፤ ከኩባያው ሁለት ጠብታ ጠብ አደረገችበትና በአውራ ጣቷ ለወሰችው። አንዱ ቅንጣት ከሌላው አልያዝ አለ፤ እንደ አሸዋ ተበታተነ። እናቴ ወደ አባቴ ቀና ብላ፣ ከንፈሯ በደንብ እንዲታይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ይሄ የወፍጮ ዱቄት ከሆነ እኔ አናጢ ነኝ» አለችው።

አባቴ ኩም አለ። ከዚያ የሽርጡን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ሽርጡን አጣጥፎ በሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው።

«ለልጁ ደውሉለት» አለ።

«አባዬ፣ አንድ ጣውላ ነው! አንድ ጊዜ ነው!» ጮህኩ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለጮህኩ ከንፈሬንም አይቶ ሰማኝ።

«አንድ ጊዜ አይደለም ልጄ።» የሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ከሁለት ዓመት ወዲህ የነቀዝ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ያንቺን ጩኸት ከንፈርሽን እያየሁ እሰማለሁ፣ መዶሻ እሰማለሁ። ነቀዝ ግን... ዝም ነው። ጭጭ።»

እናቴ ኩባያዋን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። በኋላ ስጠይቃት «ታዲያ አላውቅም መሰለሽ? ባለፈው ዓመት ‹ከቤት ላባርርህ ነው› ብለው ‹እሺ፣ ከምሳ በኋላ› አለኝ እኮ!» አለችኝ።

እኔ ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። «ቆይ፣ ቆይ። ካልሰማህ እንዴት ነው የፈረድከው? ሁለት ዓመት ሙሉ! ከሁለት መቶ በላይ ጣውላ አሳልፈናል፤ አንድም ተመልሶ አልመጣም!»

አባቴ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ልጅ ሆኜ ከረሜላ ደብቄ ስያዝ እኔ እሱን የማየው እንዲህ ነበር።

«ፊትሽን እያየሁ» አለ።

«ምን?»

«ነቀዙን ስትሰሚ አፍንጫሽ ይሸበሸባል። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ። አንቺ አታውቂውም። አፍንጫሽ ከተሸበሸበ ኤክስ አደርጋለሁ፤ ካልተሸበሸበ ክብ አደርጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ጆሮ አንቺ ነበርሽ። ልነግርሽ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ አፈርኩ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም ነበር።»

ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ማፍጠጥ! እንዳላንቀላፋ እየጠበቀኝ መስሎኝ ስነጫነጭበት!

ከዚያ ሦስተኛው ጣውላ ትዝ አለኝ።

«አባዬ! ያን ዕለት፣ ሦስተኛውን ስናዳምጥ፣ ፊቴ እንዴት ነበር?»

አሰበ። «ጥርስሽን ታፋጪ ነበር። አፍንጫሽ ግን ቀጥ ብሎ ነበር።»

«ሾፌሩ! አባዬ፣ እኔ እኮ እንጨቱን አልሰማሁትም! ጆሮዬ ጣውላው ላይ ነበር እንጂ ልቤ ሾፌሩ ዘንድ ነበር። ‹ምሰሶው ነው ጠባብ› ላለኝ መልስ ሳዘጋጅ ነበር! ያልሰማሁት እኔ ነኝ!»

እጄን ወደ ኋላ ልኬ የራሴን ሽርጥ ፈታሁ፤ ሄጄም ከአባቴ ሽርጥ አጠገብ ሰቀልኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

«የተሳሳተው ጆሮ ነው የሚሄደው አላልክም? ጆሮው እኔ ከሆንኩ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ደውሉለት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ምንጣፉን በካልሲ እየረገጥኩ ሚስቱ ላይ እቆጣለሁ።»

«እሰይ!» አለች እናቴ እጇን እያጨበጨበች። «ሁለታችሁም ሂዱልኝ! እኔም ወርክሾፑን አጽድቼ አበባ እተክልበታለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ከዚያ እንባው። እኔም ተያዝኩ። ማፈሻው ተገልብጦ ዱቄቱ ነጠላ ጫማዋ ላይ ሲፈስ እናቴም አልቻለችም። ነገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ሳቁ ሲበርድ አባቴ ተነስቶ ሁለቱንም ሽርጦች ከምስማሩ አወረደና የኔን ወረወረልኝ።

«እሰሪ» አለኝ። «ያን ጣውላ እንነቅለዋለን።»

የተጣበቀ ጠረጴዛ መሰንጠቅ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በስስ መጋዝ በኮላው መስመር ላይ ስንገዘግዝ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ሾፌሩን በሌለበት እንደገና ሰደብኩት። ለቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት፤ አንድ ጣውላ ላይ ነቀዝ ስላገኘን በአንድ ሳምንት እንደምንዘገይ አስረዳኋት። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለች፤ ከሹክሹክታዋ ይህን ለመስማት ወደ ፊቷ ጠጋ ማለት ነበረብኝ። የወጣውን ጣውላ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ሙቀቱ ነቀዙን ይጨርሰዋል። በምትኩ ሌላ ጣውላ ፈልገን፣ እሱም ላይ የቀሩት አራቱም ላይ ከወዲህና ከወዲያ ጆሯችንን አስተኛን፤ በዚህኛው ጊዜ ስለማንም ሾፌር አላሰብኩም።

በዚያው ሳምንት እናቴ አባቴን በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ባቄላ የምታህል ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ተገጠመችለት። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሰማው ነገር እናቴ ለራሷ «ይሄ ሽማግሌ ደግሞ እግሩን አይጠርግም» ስትል ነው። «ሰማሁሽ!» አላት። እናቴ ለሁለት ዓመት በነፃነት ስታወራ የከረመችውን አስባ ፊቷ ቀላ።

ጠረጴዛውን ያስገባን ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልጆችና ወላጆች ተሰብስበው ነበር። አምስቱ ጣውላዎች በመስኮቱ ብርሃን ሥር ያበራሉ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአሁኑ ጣቷን ቀዳዳ ውስጥ ሰድዳለች። ኃላፊዋ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ «በእርግጥ ሞቷል አባቴ?» አለችው። በሹክሹክታዋ ነው፤ አባቴ ግን ሰማት። ሰው ሁሉ «ጆሮ ሊያዳምጥ ነው» እያለ ዝም አለ።

አባቴ ሦስቴ አንኳኳ። ጉንጩን እንጨቱ ላይ አስተኛ። እኔም ከወዲህ አስተኛሁ። ዐይኑን ይጨፍናል ብዬ ስጠብቅ አፍጥጦ እኔን ያያል።

«አሁን ትሰማ የለም እንዴ?» አልኩት በቀስታ።

«እሰማለሁ።»

«ታዲያ ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ይሄኛውን ለመድኩት» አለኝ።

አዳመጥን። ከጣውላው ውስጥ ምንም የለም፤ ንጹሕ ዝምታ ብቻ። አባቴ ቀና አለ። ሰው ሁሉ አፉን ያያል። ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። አሁን ግን ደረቱን አልነፋም፤ መሐላውንም አልደገመም። እጁን ዘርግቶ ትከሻዬ ላይ አኖረና «ንገሪያቸው» አለኝ።

«ሞቷል!» አልኩ። መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ነው ያልኩት። ኃላፊዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» አለችኝ፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሰው ዝም በይ ሲለኝ አልተቆጣሁም።